ሪፖርት ሞልቶ አስፈጻሚ የጠፋበት ቤት፦ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍና እስር ቤቶቹ

በሴፕቴምበር 2012 ሰባት አባላት ያሉት አንድ መርማሪ ኮሚሽን፣ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ (በክፍለ ግዛቱ ሥር ያለ የአስተዳደር ክልል) እስር ቤቶች ውስጥ በእስረኞች ላይ ስለሚፈጸመው ድብደባ 63 ምክረ ሐሳቦችን የያዘ ሪፖርት ለካውንቲው አስተዳዳሪ ምክር ቤት፣ ማለትም ለሱፐርቫይዘሮች ቦርድ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሪፖርቱ በማስረጃው የተሟላ፣ በአነጋገሩም ግልጽ ነበር፤ ይሁን እንጂ በጥሞና ያነበበው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው፣ በውስጡ ከሰፈረው አብዛኛው አዲስ አለመሆኑን ነው። በ1992 በጡረታ ላይ የነበሩት ዳኛ ጄምስ ኮልትስ የመሩት ሌላ ምርመራ እስር ቤቶቹን በሚያስተዳድረው በሸሪፉ (በሕዝብ በሚመረጠው የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ) መሥሪያ ቤት ከልክ ያለፈ የኃይል አጠቃቀም፣ የላላ ዲሲፕሊንና በፖሊሶች መካከል የተፈጠሩ የውስጥ ቡድኖች መኖራቸውን ጽፎ ነበር። ከ1993 ጀምሮ ጠበቃው ሜሪክ ቦብ የካውንቲው ልዩ አማካሪ ሆነው በተከታታይ ሪፖርት ሲያወጡ ሃያ ዓመት ያህል ቆይተዋል። በ2001 ደግሞ የፖሊሶችን ጥፋት የሚከታተል የጠበቆች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የአሜሪካ ሲቪል ነጻነቶች ማኅበር የደቡብ ካሊፎርኒያ ቅርንጫፍም ከ1980ዎቹ አንሥቶ በፍርድ ቤት ፈቃድ እስር ቤቶቹ ውስጥ እየገባ ሁኔታውን ይከታተል ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል ዓይን በተተከለበት ቤት ውስጥ ድብደባው ለምን ቀጠለ? በእኔ እምነት መልሱ ያለው በሥልጣኑ አወቃቀር ውስጥ ነው። የሚያዩት ሰዎች ማዘዝ አይችሉም ነበር፤ ማዘዝ የሚችለው ሰው ደግሞ እንዲያይ የሚያስገድደው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በእርግጥ የተለወጠው ነገር፣ ይህ ክፍተት በተደፈነበት ቦታ ብቻ የተለወጠ ነው።

የሸሪፉ ሥልጣን ከየት ይመነጫል

ሎስ አንጀለስ ካውንቲ 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብና 88 ከተሞች ያሉት፣ በአሜሪካ በሕዝብ ብዛት አንደኛ የሆነ ካውንቲ ነው። የሸሪፉ መሥሪያ ቤት የራሳቸው ፖሊስ የሌላቸውን አካባቢዎች ይጠብቃል፤ 42 ከተሞችም በኮንትራት የፖሊስ አገልግሎት ያገኙበታል። ከዚህ በተጨማሪ የፍርድ ቤቶችን ጥበቃ ይሠራል፤ በአገሪቱ ትልቁ የሚባለውን የካውንቲ እስር ቤት ሥርዓትም ያስተዳድራል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ግን የራሱ ፖሊስ ስላለው፣ ብዙ አንባቢዎቻችን የሚኖሩባትና የሚነግዱባት በፌርፋክስ ጎዳና ያለችው ሊትል ኢትዮጵያ በሸሪፉ ጥበቃ ሥር አይደለችም። ያም ሆኖ በዚያች ጎዳና የተያዘ ሰው ዋስትና ካልተፈቀደለት ወይም ማስያዣውን መክፈል ካልቻለ የሚገባው ሸሪፉ ወደሚያስተዳድራቸው እስር ቤቶች ነው፤ ዜግነት ያገኘና በመራጭነት የተመዘገበ ወገንም ሸሪፉን በድምፁ ይመርጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ምርጫ ነው። በካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት መሠረት ሸሪፍ በየአራት ዓመቱ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል። የካውንቲው ቦርድ አምስት አባላት በጀቱን ያጸድቃሉ፣ ለተደበደበ እስረኛ የሚከፈለውንም ካሳ ከካውንቲው ካዝና ይከፍላሉ፤ ሆኖም ማን የት እንደሚመደብ፣ ማን እንደሚሾምና እስር ቤቱ በየቀኑ እንዴት እንደሚሠራ ሸሪፉን ማዘዝ አይችሉም። እርሱን መሻርም አይችሉም ነበር። ስለዚህ ካሳው በአንዱ ኪስ ይወጣል፣ ውሳኔው በሌላው እጅ ይቀራል፤ የበደሉ ዋጋ በደሉን ለማቆም ሥልጣን ያለውን ሰው አይነካውም። ለዚህም ነው ከ1992 እስከ 2011 የወጡት ሪፖርቶች ሁሉ መሥሪያ ቤቱን የሚመክሩ እንጂ የሚያስገድዱ ያልሆኑት። ሸሪፉ ምክሩን ከወደደው ይቀበለዋል፤ ካልወደደው ደግሞ በአክብሮት አመስግኖ ያልፈዋል።

ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ ሸሪፍ የነበሩት ሊ ባካ በንግግራቸው የማሻሻያ ሰው ነበሩ። እስረኞች በእስር ቤት እንዲማሩ የሚያደርግ ፕሮግራም አስፋፍተዋል፣ ስለ ሰብአዊ ክብር አዘውትረው ይናገሩ ነበር፤ በ2013 የአገሪቱ የሸሪፎች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ሸሪፍ ብሎ ሸልሟቸዋል። ይህን የማነሣው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። መልካም ንግግርና መልካም ፕሮግራም የእስር ቤቱን ኮሪደር ሳይነኩ ለዓመታት ጎን ለጎን መኖር እንደሚችሉ ማሳየት ስለሚያስፈልግ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ

በከተማዋ መሐል በቦሼ ጎዳና የሚገኘው የወንዶች ማዕከላዊ እስር ቤት በ1963 ተከፈተ። አሠራሩ የዚያ ዘመን ነው፦ ረጅም ኮሪደር፣ በአንዱ ጎን በብረት ፍርግርግ የተዘጉ ክፍሎች በሰልፍ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የቆመ ጠባቂ ከመጀመሪያው ክፍል በቀር ውስጡን ማየት የማይችልበት። እስረኛውን ለማየት በእያንዳንዱ በር ፊት መራመድ ግድ ነው፤ እንደዚሁም በኮሪደሩ መሐል የሚሆነውን ነገር እዚያው ከቆሙት ሰዎች በቀር የሚያየው የለም። በአሥርት ዓመታት ውስጥ ይህ ሕንፃ ከተሠራለት አቅም በላይ ሰው ሲያጭቅ ኖሯል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፌዴራል ፍርድ ቤት የቆየው አንጋፋው ክስም የጀመረው በመጨናነቁ ምክንያት ነበር።

በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩት ዴፑቲዎች፣ ማለትም የሸሪፉ ፖሊሶች፣ በአብዛኛው ከማሠልጠኛ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ አዲስ ዴፑቲ መጀመሪያ የሚመደበው እስር ቤት ነው፤ በጎዳና ላይ ፓትሮል ለመሥራት ተራው እስኪደርሰው ለዓመታት ይጠብቃል። ብዙዎቹ የመጡት ለፓትሮል እንጂ እስረኛ ለመጠበቅ አልነበረምና፣ ምደባውን እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ መሻገሪያ ያዩት ነበር። ልምድ የሌለው ወጣት፣ ሥራውን የማይወድ፣ ከእርሱ በጥቂት ዓመት ብቻ በሚበልጥ ሌላ ወጣት የሚመራ፣ በማይታይ ኮሪደር ውስጥ፤ የ2012ቱ ኮሚሽን ጣቱን የቀሰረው በዚህ ላይ ነው። የእስር ቤት ሥራ የራሱ ሙያ፣ የራሱ ሥልጠናና የራሱ የዕድገት መሰላል እንዲኖረው ያቀረበው ሐሳብ ከ63ቱ ውስጥ በጣም ያልተወራለት፣ ለእኔ ግን ከሁሉም ጠቃሚው ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ የሚሠሩ አንዳንድ ዴፑቲዎች በፎቆቹ ቁጥር የተሰየሙ ቡድኖች ፈጥረው ነበር። በዲሴምበር 2010 በሞንቴቤሎ ከተማ በተደረገ የገና ግብዣ ላይ የሦስተኛው ፎቅ ሰዎች ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ደበደቡ፤ በዚህም የተነሣ ስድስት ዴፑቲዎች ከሥራ ተባረሩ። የቡድኖቹ ጉዳይ ግን ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር። በ2006 የእስር ቤቱ አዛዥ የነበሩ አንድ ካፒቴን ዴፑቲዎችን ከፎቅ ወደ ፎቅ በማዘዋወር ቡድኖቹን ለመበተን አቅደው ነበር፤ ዕቅዱ ግን በዚያን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ አመራር አንዱ በነበሩት፣ በኋላም የባካ ምክትል ሸሪፍ በሆኑት በፖል ታናካ ታገደ። ኮሚሽኑ እንደመዘገበው ታናካ የውስጥ ምርመራ ክፍሉን ሥራ በአደባባይ ያጣጥሉ፣ ዴፑቲዎችም በሕግና በሕገ ወጥነት ድንበር አካባቢ እንዲሠሩ ያበረታቱ ነበር። አንድ ካፒቴን በበታቹ ላይ ቁጥጥር ለማጥበቅ ሲነሣ ከላይ የሚገታው ከሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው ሳጅንና ዴፑቲ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚወስድ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ካሜራውም እንዲሁ ነው። ለእስር ቤቱ የተገዙ ካሜራዎች ሳይተከሉ ለረጅም ጊዜ በካርቶናቸው ውስጥ ተቀምጠው ቆይተዋል፤ ተነሥተው በየኮሪደሩ የተሰቀሉት ጉዳዩ በ2011 በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነበር።

በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የሲቪል ነጻነቶች ማኅበሩ ታዛቢ በትዊን ታወርስ እስር ቤት በእስረኛ መጠየቂያው ክፍል ተቀምጣ ሳለች፣ በመስኮቱ በኩል ሁለት ዴፑቲዎች ወለል ላይ የተዘረጋ እስረኛ ሲደበድቡ አየች። ለፍርድ ቤት በሰጠችው ቃለ መሐላ እንዳስረዳችው፣ ሰውየው እጅና እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተዝለፍልፎ ሳለ ዴፑቲዎቹ «መታገልህን አቁም» እያሉ ይጮኹ ነበር። በሪፖርት ላይ የሚጻፈው ይህ ጩኸት ነው። ሌላ ምስክር ካልነበረ ጩኸቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል፤ እስረኛው የሚናገረው ደግሞ እስረኛ ስለሆነ አይታመንም። በየካቲት ማለትም በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ በማዕከላዊው እስር ቤት ወንድሙን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሞባይል ስልክ ይዞ ገባ ተብሎ ተያዘ፤ እጆቹ በካቴና እንደታሰሩ ተደበደበ፣ ፊቱ ላይ በርበሬ ጋዝ ተረጨበት። ዴፑቲዎቹ አንድ እጁ ከካቴና ተፈትቶ አጠቃን ብለው ሪፖርት ጻፉ፤ ተደብዳቢውም ተከሰሰ። ክሱ በኋላ ተነሣለት። በ2015 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች (ጁሪ) አንድ ሳጅንንና ሁለት ዴፑቲዎችን ጥፋተኛ ሲሉ፣ ሳጅኑ የስምንት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህ ሰው ጠያቂ እንጂ እስረኛ አልነበረም፤ ሪፖርቱን የጻፉት ሰዎች ግን ከዕለት ተዕለት ልማዳቸው የወጣ ነገር የጻፉ አልመሰላቸውም።

ስልኩ

የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በእስር ቤቶቹ ላይ በድብቅ ሲሠራ የነበረውን ምርመራ ያጋለጠው አንድ ሞባይል ስልክ ነው። ቢሮው በማዕከላዊው እስር ቤት ከታሰረ አንድ ጠቋሚ ጋር ይሠራ ነበር፤ ጉቦ የተቀበለ አንድ ዴፑቲም ስልኩን ወደ ውስጥ አስገባለት። በኦገስት 2011 ስልኩ ተገኘና የመሥሪያ ቤቱ አመራር ባለቤቱ ኤፍቢአይ መሆኑን አወቀ።

በዚህ ጊዜ አንድ የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ሊያደርገው የሚገባው ነገር ግልጽ ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው። ጠቋሚው ስሙ እየተቀየረ ከቦታ ወደ ቦታ ተዛወረ፣ የኮምፒዩተር መዝገቡም የፌዴራል መርማሪዎች እንዳያገኙት ተደረገ። አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ ኤፍቢአይ ሰነድ እንዲያስረክብ ትእዛዝ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ያም ሆኖ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሁለት ሳጅኖች የምርመራው መሪ ወደ ሆነችው የኤፍቢአይ ሠራተኛ ቤት ሄደው የመያዣ ትእዛዝ እየተዘጋጀባት እንደሆነ በመንገር አስፈራሯት። የመያዣ ትእዛዝ አልነበረም። የሄዱበት ሁኔታም በቪዲዮ ተቀርጿል።

በዲሴምበር 2013 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ 18 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤቱን አባላት ከሰሰ። ባካ በጃንዋሪ 2014 ሥራ እንደሚለቁ አስታወቁ። ታናካ በ2016 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተብለው አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ባካ ራሳቸው በፌብሩዋሪ 2016 ለመርማሪዎች ሐሰት መናገራቸውን አምነው ከስድስት ወር የማይበልጥ ቅጣት የያዘ ስምምነት ፈርመው ነበር፤ ዳኛው ፐርሲ አንደርሰን ግን ቅጣቱ ለጥፋቱ አይመጥንም በማለት አልቀበልም አሉ። የመጀመሪያው ችሎት የጁሪው አባላት ባለመስማማታቸው ፈረሰ፤ በማርች 2017 በሁለተኛው ችሎት ጥፋተኛ ተባሉና የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከይግባኝ በኋላ በ2020 መጀመሪያ ወደ ፌዴራል ማረሚያ ቤት ገቡ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ከወጡት ሪፖርቶች ሁሉ ይልቅ ፍርሃት የፈጠረው ይህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን በአመራሩ ቁንጮ ላይ የነበሩት ሰዎች የተፈረደባቸው በድብደባው ሳይሆን ምርመራውን በማደናቀፍ ነው። ሕጉ የያዘው መሸፋፈኑን ነው፤ ድብደባውን ለዓመታት እንዲቀጥል ያደረገው ችላ ማለት በራሱ ወንጀል ሆኖ አልቀረበም፣ ሊቀርብም የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ የወንጀል ክስ የማሻሻያ በር ሊከፍት ይችላል እንጂ ማሻሻያ ራሱ አይደለም።

የኮሚሽኑ ትልቁ ግኝት

ቦርዱ በኦክቶበር 2011 ያቋቋመውን ኮሚሽን የመሩት በጡረታ ላይ ያሉ የፌዴራል ዳኛ ሉርደስ ቤርድ ነበሩ፤ ከአባላቱ መካከል በዚያን ጊዜ የሎንግ ቢች ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ጂም ማክዶነል ይገኙበታል። ኮሚሽኑ ድብደባው የጥቂት መጥፎ ሰዎች ሥራ ነው የሚለውን ማስተባበያ አልተቀበለም፤ ኃላፊነቱ ወደ ሸሪፉ ቢሮ እንደሚያመራ በግልጽ ጻፈ።

ከግኝቶቹ አንዱ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ትኩረት ይፈልጋል። ጉዳዩ በ2011 መጸው አደባባይ ከወጣና ባካ ራሳቸው ወደ እስር ቤቱ መሄድ ከጀመሩ በኋላ የኃይል አጠቃቀም ቁጥር በፍጥነት አሽቆለቆለ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፣ አዲስ ሕግ አልወጣም፣ እስረኞቹም አልተለወጡም፤ እንዲያውም በዚያው ኦክቶበር ካሊፎርኒያ ቀለል ያለ ወንጀል የፈጸሙ ፍርደኞችን ከክፍለ ግዛቱ ማረሚያ ቤቶች ወደ ካውንቲዎች ማዛወር ስለጀመረች የእስረኛው ቁጥር ሊጨምር ነበር። የተለወጠው የበላዩ ትኩረት ብቻ ነው። ይህ ግኝት የሚያጽናና ቢመስልም በእኔ ዓይን ከባድ ክስ ነው፤ ድብደባውን መቀነስ ይቻል ከነበረ በ2006ም፣ በ2009ም ይቻል ነበርና።

ኮሚሽኑ ያቀረባቸው ሐሳቦች ከዚህ ይመነጫሉ። ለእስር ቤቶች ብቻ ተጠሪ የሆነ፣ በቀጥታ ለሸሪፉ ሪፖርት የሚያደርግ ረዳት ሸሪፍ ከውጭ እንዲመጣ ተጠየቀ፤ በ2013ም ከካሊፎርኒያ ማረሚያ ቤቶች አስተዳደር የመጡት ቴሪ ማክዶናልድ በቦታው ተሾሙ። የተበታተኑት የቁጥጥር አካላት በአንድ ኢንስፔክተር ጄኔራል (ዋና ተቆጣጣሪ) ሥር እንዲሆኑ ተመከረ፤ በ2014 የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ ማክስ ሀንትስማን ሥራውን ጀመሩ። ከዚያ በ2016 ዘጠኝ አባላት ያሉት የሲቪል ቁጥጥር ኮሚሽን ተቋቋመ። ሆኖም ሁለቱም ሲፈጠሩ አንድ ትልቅ ነገር ጎደላቸው፦ ሸሪፉ ሰነድ አልሰጥም ቢል የሚያስገድዱበት መጥሪያ። ሰነዱን የሚያገኙት በሸሪፉ በጎ ፈቃድ ነበር።

በጎ ፈቃዱ ሲያልቅ

በኖቬምበር 2014 ማክዶነል ሸሪፍ ሆነው ተመረጡ። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የነበሩ ሰው ምክሩን ራሳቸው ሊፈጽሙ መግባታቸው በማሻሻያው ደጋፊዎች ዘንድ ትልቅ ተስፋ ፈጠረ፤ ሰነድ ይሰጡ ነበር፣ ሐሰተኛ ሪፖርት የጻፉ ዴፑቲዎችንም ያባርሩ ነበር። በ2018 ግን ከመሥሪያ ቤቱ ሌተናንት ሆነው ጡረታ በወጡት በአሌክስ ቪላኑዌቫ ተሸነፉ። በሥልጣን ላይ ያለ ሸሪፍ በካውንቲው ሲሸነፍ ከመቶ ዓመት በላይ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ቪላኑዌቫ ከተመረጡባቸው ምክንያቶች አንዱ የኢሚግሬሽን ፖሊሶችን ከእስር ቤቶቹ አስወጣለሁ ማለታቸው ነበር፤ ስደተኛው ሕዝብ፣ የእኛንም ሰው ጨምሮ፣ ይህን ተስፋ በደስታ የተቀበለበት ምክንያት አያስገርምም። ከእስር ቤቱ አስተዳደር አንጻር ግን የመጡት ዓመታት አስቸጋሪ ነበሩ። በዲሲፕሊን የተባረረን አንድ ዴፑቲ ወደ ሥራ መለሱ፣ ቦርዱ ከሰሳቸው፣ ፍርድ ቤትም ውሳኔውን ሻረው። በማክዶነል የተሾሙትን የሕገ መንግሥታዊ ፖሊስ አማካሪዎች፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ሕገ መንግሥቱን እንዲያከብር የሚመክሩትን፣ አስወገዱ። ኢንስፔክተር ጄኔራሉ መዝገብ እንዳያዩ ከለከሏቸው፤ ይባስ ብሎም በወንጀል እንመረምራቸዋለን አሉ። በማርች 2021 አንድ ዴፑቲ በሳን ፈርናንዶ ፍርድ ቤት በካቴና የታሰረ እስረኛ ጭንቅላት ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል ተንበርክኮ የሚታይበት ቪዲዮ ከዓመት በኋላ በጋዜጣ ሲወጣ፣ ሸሪፉ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የዘገበችውን ጋዜጠኛ ፎቶ አሳይተው የቪዲዮውን መውጣት በተመለከተ የወንጀል ምርመራ እንዳለ ተናገሩ፤ በዚያው ቀንም ንግግራቸውን ለማለዘብ ተገደዱ።

ከእነዚህ ዓመታት የሚገኘው ትምህርት ስለ አንድ ሰው ጠባይ አይደለም። ማክዶነል የሠሩት ሥራ በሰውየው ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ከእርሳቸው ጋር ሄደ። ካውንቲው ይህን ዘግይቶም ቢሆን ተረዳና ሥልጣኑን ራሱን መንካት ጀመረ። በማርች 2020 መራጮች ለሲቪል ቁጥጥር ኮሚሽኑ የግዴታ መጥሪያ የማውጣት ሥልጣን ሰጡት፤ ከ2021 ጀምሮ የክፍለ ግዛቱም ሕግ ይህን ሥልጣን ለካውንቲዎች አጸና። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ከመራጮቹ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ቦርዱ በቂ ምክንያት ሲኖረው ከአምስቱ በአራት ድምፅ ሸሪፍን ማንሣት እንዲችል ወሰኑ። በዚያው ምርጫ ቪላኑዌቫ ተሸንፈው የሎንግ ቢች ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ሮበርት ሉና ተመረጡ።

የዴፑቲዎቹ የውስጥ ቡድኖች ጉዳይ ግን ሥልጣን በወረቀት መገኘቱ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት መጠይቁን ከመለሱ ዴፑቲዎች 16 በመቶ ያህሉ እንዲቀላቀሉ ተጋብዘው እንደነበር መናገራቸውን ዘገበ፤ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮም የካሊፎርኒያ ሕግ በሕግ አስከባሪ ውስጥ የሚደራጁ ወንጀለኛ ቡድኖችን ከለከለ። በሜይ 2023 ሀንትስማን 35 ዴፑቲዎች ቀርበው የቡድን ምልክት የሆነ ንቅሳታቸውን እንዲያሳዩና ቡድኖቹን በተመለከተ ጥያቄ እንዲመልሱ ደብዳቤ ላኩ። የዴፑቲዎቹ የሠራተኛ ማኅበር፣ ይህ የሥራ ሁኔታ ለውጥ ስለሆነ በቅድሚያ ከማኅበሩ ጋር ድርድር ሊደረግበት ይገባል ብሎ ከሰሰ፤ ዳኛውም አሠራሩን አገዱት። ሕጉ አለ፣ መርማሪው አለ፣ ጥያቄው አለ፤ በመሐል ያለው የድርድር ግዴታ ግን ሁሉንም አስቆማቸው። ስለ ፖሊስ ማሻሻያ የሚጽፉ ሰዎች የሠራተኛ ሕግን ችላ ማለታቸው ስሕተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ወንበር ላይ የታሰሩ ሕሙማን

በካውንቲው እስር ቤቶች ካሉት ሰዎች አርባ በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ትዊን ታወርስ በአሜሪካ ካሉት ትልልቅ የአእምሮ ሕክምና መስጫዎች አንዱ ነው እየተባለ የሚነገርለት በዚህ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለእስር ነው፣ በሩን የሚቆልፈውም ዴፑቲ ነው። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ምርመራውን የጀመረው በ1996 ነው። በ2002 የጋራ ስምምነት ተፈረመ፤ ፍርድ ቤት የሚያስፈጽመው አልነበረም። እስረኞች ራሳቸውን ማጥፋታቸው አልቆመም። በ2015 በፌዴራል ፍርድ ቤት የጸደቀና ተቆጣጣሪ የተመደበለት ስምምነት የተፈረመው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። የ2002ቱንና የ2015ቱን ስምምነቶች የሚለያቸው ትልቁ ነገር ዳኛ መኖሩ ነው።

የዳኛ መኖር ምን እንደሚያደርግ በቅርብ የሚታየው በመቀበያ ማዕከሉ ጉዳይ ነው። የታሰረ ሰው ሁሉ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በዚህ ማዕከል ይመዘገባል፣ ይመረመራል። በ2022 የሲቪል ነጻነቶች ማኅበሩ ለፍርድ ቤት ያቀረበው ማስረጃ፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአዳራሹ ፊት ለፊት በተደረደሩ ወንበሮች ላይ በሰንሰለት ታስረው ለቀናት እንደሚቆዩ፣ አንዳንዶቹም መጸዳጃ ሳያገኙ ባሉበት እንደሚጸዳዱ፣ ሌሎች ወለል ላይ ቆሻሻ መሐል እንደሚተኙ የሚያሳይ ነበር። ዳኛው ዲን ፕሪገርሰን በዚያው ሴፕቴምበር ማንም ሰው በማዕከሉ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ከአራት ሰዓት በላይም በሰንሰለት እንዳይታሰር አዘዙ። እነዚህ ቁጥሮች ለጆሮ ይቀላሉ፤ ግን የሚቆጠሩ ናቸው። መርማሪ ሰዓቱን ይዞ ሊጠይቅ ይችላል፣ መሥሪያ ቤቱም ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም የሚለውን በቃላት ሊያድበሰብሰው አይችልም። ለሠላሳ ዓመት ሲደጋገሙ ከኖሩት «ሁኔታው እንዲሻሻል» ከሚሉ ምክሮች ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ ይታያል። በ2023 ካውንቲው ከከሳሾቹ ጋር በደረሰበት ስምምነት ከእስር ውጪ ያሉ የሕክምና አልጋዎችን ለመጨመር ግዴታ ገባ።

ተመሳሳይ መንገድ የያዘው በ2012 ስለ ድብደባው የተመሠረተው የእስረኞቹ የጋራ ክስ ነው። በ2015 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ሦስት ባለሙያዎች የኃይል አጠቃቀም ሪፖርቶችንና ቪዲዮዎችን እየመረመሩ አንቀጽ በአንቀጽ ተፈጽሟል፣ አልተፈጸመም እያሉ እንዲዳኙ አደረገ። በዚህ ቁጥጥር የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ድብደባ ከ2011 በፊት ከነበረው በእጅጉ ቀንሷል። ባለሙያዎቹ ግን በተደጋጋሚ ባወጧቸው ሪፖርቶች በጭንቅላት ላይ የሚሰነዘር ቡጢ መቀጠሉን፣ ከሁሉ በላይም ደንቡን የጣሱትን ዴፑቲዎች የቅርብ አለቆቻቸው በዝምታ እንደሚያልፏቸው ጽፈዋል። በ2006 የተገታው ካፒቴን ያየው ችግር በሳጅንና በሌተናንት ደረጃ ዛሬም አለ ማለት ነው።

ከሕንፃው ጋር የተያያዘው ጥያቄ ደግሞ የቦርዱ የራሱ ዕዳ ነው። ቦርዱ የማዕከላዊውን እስር ቤት በሌላ ለመተካት የ1.7 ቢሊዮን ዶላር ኮንትራት አዘጋጅቶ በኦገስት 2019 ሰረዘው፤ ከእስር ይልቅ ለሕክምናና ለእንክብካቤ ቅድሚያ እሰጣለሁ አለ። በጁን 2021 እስር ቤቱን ያለ ምትክ ለመዝጋት ወሰነ። ሕንፃው ግን አልተዘጋም። ለመዝጋት ሕሙማኑን የሚቀበሉ አልጋዎች ያስፈልጋሉ፣ አልጋዎቹ ደግሞ በውሳኔው ፍጥነት አልመጡም። እዚህ ላይ ሸሪፉን መውቀስ አይቻልም፤ በጀቱ በቦርዱ እጅ ነው።

ከ2021 እስከ 2024 ባለው ጊዜ በየዓመቱ ከ30 በላይ ሰዎች በካውንቲው እስር ቤቶች ሞተዋል። በሴፕቴምበር 2025 የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሮብ ቦንታ ካውንቲውንና የሸሪፉን መሥሪያ ቤት በእስር ቤቶቹ ሁኔታ ምክንያት ከሰሱ። ክሱ ሸሪፉን ብቻ ሳይሆን የእስር ቤቱን ጤና አገልግሎት የሚያስተዳድረውንና ገንዘቡን የሚመድበውን ካውንቲ ጭምር ፍርድ ቤት ፊት ያቆማል። በ1992 የኮልትስ ሪፖርት ሲወጣ ጀምሮ ቦርዱ ሸሪፉን፣ ሸሪፉ ደግሞ በጀቱን ሲያመካኝ ኖሯል፤ በዚህ ክስ ሁለቱም ተከሳሾች ናቸው፣ ለአንድ ዳኛም በአንድ መዝገብ ይመልሳሉ።